ኦፕሬተር ያጣችው ቆፋሪ

ማሽኖቹ ወደ ቤት ሲገቡ በር አላንኳኩም። ሊነጋጋ ሲል፣ እንቅልፍ ገና ከዓይኗ ሳይወጣ፣ ፎርማኗ ቢጫዎቹ ቆፋሪዎች አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በሳሎኑ ሲያልፉ አየች። ምንጣፍ አላቆሸሹም፣ ብርጭቆ አልሰበሩም፤ ቀጥ ብለው ወንድሟ ወደተቀመጠበት መስኮት ሄዱ። ከመካከላቸው አንዱ ባኬቱን፣ ያን ጥርሳም አካፋውን፣ ዘርግቶ ፊቱ አቆመለት። ወንድሟ ግን ፊቱን አዞረ። ሁልጊዜ የምትነቃው እዚህ ላይ ነው።

ሕልም ነው ብላ እንዳትተወው፣ ወንድሟ እውነትም መስኮቱ ሥር ነበር። ሦስት ዓመቱ። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ኤክስካቫተር የነዳ፣ ሠራተኛው «መዳፉ» ብሎ የሰየመው ሰው ነው፤ በዚያ በብረት ጥርስ ችግኝ ከነአፈሩ አንስቶ፣ አንድ ቅጠል ሳያረግፍ ሌላ ቦታ ያስቀምጥ ነበር። እንደ እሱ ላለ ኦፕሬተር መሬት ቆሞ በእጅ ምልክት የሚመራ ሰው አያስፈልግም ይባል ነበር። እሱም አመነ። ሙገሳ ያላሳሳተው ማን አለ? አንድ ቀን የጉድጓዱ አፍ ተናደና፣ እሱ ከላይ ሆኖ ያላየውን አንድ የቀን ሠራተኛ እስከ ወገቡ ቀበረው። ሰውዬው ተርፎ ዛሬ እያነከሰም ቢሆን ሱቁ ውስጥ ይነግዳል። ከጉድጓዱ ያልወጣው ወንድሟ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የማሽን ማንሻ አልጨበጠም፣ ወደ ሥራ ቦታም ዝር አላለም።

እሷ አሁን የተረከበችው ሥራ ትንሽ ነው፤ የአንድ ቤት መሠረት። ችግሩ ቦታው ነው። በአንድ በኩል የጎረቤት ግንብ፣ በሌላ በኩል የመዋእለ ሕፃናት መኝታ ክፍል፤ መግቢያው ደግሞ ሦስት ሜትር ብቻ። ከምሳ በኋላ ከግድግዳው ማዶ ሠላሳ ሕፃናት ይተኛሉ። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ የሁሉም ትንፋሽ አንድ ላይ ሲወጣና ሲገባ ይሰማታል፤ ወይም የሚሰማት ይመስላታል። እዚያው ቆማ አንዳንዴ እሷም ታንቀላፋለች። ፎርማን ቆሞ ሲያንቀላፋ ያየ ሠራተኛ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ይቀመጣል።

መካሪ አልጠፋም። «ትልቁን ተከራዪና በአንድ ቀን ጨርሰሽ ተገላገይ» ያላት ስንቱ ነው! በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ። ትልቁ ማሽን ሲዞር ጭራው የልጆቹን ግድግዳ እንደሚያገኘው ማንም አላሰበም። እሷ ግን ከማሽኑ ይልቅ የምታስበው ሌላ ነገር ነበራት፤ ወንድሟን ከዚያ መስኮት ማንሳት።

«ወንድምጋሼ» አለችው ጠዋት፤ «ለዚያ ለነገርኩህ ጠባብ ቦታ ማሽን ልመርጥ ነው። አብረኸኝ ና።»

«ማሽን መምረጥ ጠፍቶሽ ነው?»

«ጠፍቶኝ ነው።»

«ውሸታም።»

«ለማየት ብቻ። አትነካም፣ አትወጣም። መስኮትህ እንደሆነ የትም አይሄድብህም።»

ፈገግ ሊል ሲል ተወው። ጫማውን ግን አደረገ። እሷም ፊቷን እንዳያይ ቁልፍ የምትፈልግ መስላ ጀርባዋን ሰጠችው።

የማከራያው ግቢ ጉም ውጦት ነበር። ማሽኖቹ ክንዳቸውን አጥፈው ተኝተዋል፤ የሚታየው አንዳንዴ ክንድ፣ አንዳንዴ ሰንሰለት ብቻ ነው፤ ቀሪው አካላቸው ገና ያልታሰበ ይመስላል። የእሷና የወንድሟ ኮቴ እንኳ ከሌላ ሰው እግር ሥር የሚመጣ ያህል ሩቅ ነበር። ፎርማኗ ነቅታ ይሁን ገና አልጋዋ ላይ ትሁን ለአፍታ ጠፋት። የወንድሟን ክንድ ስትይዝ ኮቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፤ ሕልም ደግሞ አያረጥብም።

አከራዩ ከጉሙ ውስጥ በመጀመሪያ በድምፁ መጣ። «ራዲዮ» ይሉታል፤ የሚዘጋበት ቁልፍ አልተገኘለትም።

«ይቺን እዩልኝ!» አለ፣ አዲስ ቀለም የተቀባች ባለ ሃያ ቶን ቆፋሪ ቸብ ቸብ እያደረገ። «ትናንት ከፋብሪካ እንደወጣች ቁጠሯት!»

ወንድሟ ባኬቷ ሥር ቁጢጥ አለ። ክንዱና ባኬቱ የሚጋጠሙበትን ፒን ዳበሰና በፒኑና በቀዳዳው መካከል ጣቱን ሰደደ። ጥፍሩ ሙሉውን ገባ፤ ብረቱ ተበልቷል።

«ፋብሪካው ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

ራዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያ ጠፋበት። ቶሎ ብሎ ባለ ጎማዋን አሳየ፤ ከፊት ትዝቃለች፣ ከኋላ ትቆፍራለች፣ ሁለት ማሽን በአንድ ዋጋ።

«ለመንገድ ዳር ጥሩ ናት» አለ ወንድሟ። «ይቺ ግን ስትቆፍር እንዳትወድቅ እግሮቿን ግራና ቀኝ መዘርጋት አለባት። እዚያ ጠባብ ውስጥ የት አባቷ ትዘረጋለች?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ፎርማኗ ደስታዋን እንዳያይባት አንገቷን ቀልሳ ሰንሰለት የምትመረምር መሰለች። እሱ ግን አላያትም፤ ወደ ጉሙ ገብቷል። ተከትላው ስትደርስ በግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከአንዲት ቀለሟ የገረጣ ትንሽ ቆፋሪ አጠገብ ቆሟል። የዘይት ቱቦዎቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ጣቱ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ።

«ይቺ ናት» አለ በለሆሳስ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ። «ስፋቷ ሜትር ከሰባ ቢሆን ነው፤ በሩን ሳትነካ ትገባለች። ስትዞር ጭራዋ ከሰንሰለቷ አይወጣም። ክንዷ ወደ ጎን ስለሚታጠፍ፣ ራሷ መሃል ቆማ ግድግዳው ሥር ትቆፍራለች። ሰንሰለቷም የጎማ ነው፤ ልጆቹ አይሰሟትም። ሦስት ቀን ትፈጅብሽ ይሆናል። ትፍጅብሽ።»

ራዲዮ ራሱን አከከ። «እሷ እንኳ ኦፕሬተር የላትም። የነበረው ለቀቀ፤ ሌሎቹ አሻንጉሊት አንነዳም አሉኝ። ማንሻዋ ስስ ነው፣ ለስላሳ እጅ ትፈልጋለች። ባለፈው ሳምንት ለእህትህ ነግሬያት የለም እንዴ!»

ወንድሟ ከቱቦዎቹ ቀና አለ።

«ባለፈው ሳምንት?» አለ ወንድሟ።

ዓይኗን በጨው አጥባ መካድ ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«መጥቼ መርጫት ነበር። ኦፕሬተር እንደሌላትም አውቄ ነው ያመጣሁህ።»

«ወጥመድ ነዋ!»

«ወጥመድ ነው። ምን ላድርግ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባህን ሳይ አንጀቴ አረረ። ወንድሜ ናፈቀኝ። ከዚህ የተሻለ ተንኮል አላውቅበትም።»

የሚቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን ትንሿን መቀመጫ ብዙ አያት። ከዚያ አንድ እግሩን ሰንሰለቱ ላይ አደረገ፤ እጀታውን ያዘ። እንደዚያው፣ አንድ እግሩ ሰንሰለቱ ላይ አንድ እግሩ በምድር፣ ቆየ፤ ግንባሩ በዚያ ብርድ ላብ አወጣ። በመጨረሻም እግሩን መለሰ።

«አልችልም፣ እታለም። እዚያ ላይ ስቀመጥ ከታች ያለው ሰው አይታየኝም።»

ቅስሟ ተሰበረ። ምን ቁርጥ አድርጓት በሰው ቁስል እንደተጫወተች ራሷን ጠየቀች። እንግዲህ የቀረው ባለ ሃያ ቶኗን ከነኦፕሬተሯ ወስዶ ግድግዳውን ለእግዜር አደራ መስጠት ነው። ወደ ራዲዮ ልትዞር ስትል ወንድሟ እጅጌዋን ያዘ።

«ያንቺ መንጃ ፈቃድስ?»

«የቱ?»

«እኔ ያስተማርኩሽ። ፈተናውን አልፈሽ ‹በአንድ ቤት ሁለት ኦፕሬተር ምን ይሠራል› ብለሽ የተውሽው።»

«እጄ ዝጓል፣ ወንድምጋሼ።»

«ይፈታል። አንቺ ትነጃለሽ፤ እኔ መሬት ላይ እቆምልሻለሁ። ያኔ እዚያ የሚቆም ሰው ቢኖር…» አለና ተወው።

ሁለት ቀን ሙሉ በራዲዮ ግቢ ጥግ አፈር ስትዝቅና ስትመልስ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ቆፋሪ በጭነት መኪና ተጭና መጣች፤ መኪናው በመንገድ ዘግይቶ ስለነበር የደረሱት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። የመዋእለ ሕፃናቱ ኃላፊ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ፎርማኗ ማንሻውን ገፋ አደረገች። ምድሪቱ ለስለስ ብላ ተከፈተች፤ የቀዘቀዘ የአፈር ሽታ ወደ ላይ መጣ። ወንድሟ ከጉድጓዱ ማዶ ቆሞ በጣቶቹ ብቻ ያናግራት ነበር፤ ዝቅ፣ ወደ ግራ፣ በቃ። እሷም ባኬቱን ማየት ትታ ጣቶቹን ብቻ አየች። ጊዜው የት እንደሄደ አታውቅም። ከግድግዳው ማዶ ማንም አላለቀሰም፤ ማሽኗም እዚያው በእንቅልፋቸው ውስጥ የምትቆፍር መሰላት።

ጉድጓዱ ሲጠልቅ ወንድሟ ከሥር ያለውን ሊያይ ወደ ጠርዙ ተጠጋ። ከእግሩ ሥር እፍኝ የማትሞላ አፈር ተንሸራታ ወረደች።

እጇ ከማንሻው ላይ ተነሳ። እሱም ባለበት ደርቆ የወረደችውን አፈር ያያል። አሁን ይሄዳል፣ አለች በልቧ፤ አሁን ወደዚያ መስኮት ተመልሶ ዳግመኛ አይነሳም።

«ራቅ በል፣ ወንድምጋሼ!»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መሬቱን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ፈተነና ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ታዪኛለሽ?»

«አይሃለሁ።»

«ደህና አድርገሽ?»

«የሸሚዝህ ቁልፍ ሳይቀር።»

«እንግዲያው ቆፍሪ» አለና እጁን አነሳ። ጣቶቹም «ዝቅ» አሏት።

ቆፈረች።