ድርሻ የተባለው ወረቀት

ፕሮግራመራችን ዳግም የቅጥር ደብዳቤውን ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን አማርኛ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የሶፍትዌር ድርጅታችን ባምቢስ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ሲጀምር፣ ደብዳቤዎቹን ከእንግሊዝኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ የሰው ኃይል ክፍል ማለት እኔና አንድ ፕሪንተር ነበርን።

«እጸገነት፣ ማለቴ... ገበያው ስንት ይላል?» አለኝ።

አለቃችን ደሞዛችንን ከሌሎች ጋር አወዳድሪ ብሎኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ባንክና ሶፍትዌር ቤት ለሚሠሩ ወዳጆቼ ስደውል ሰንብቻለሁ። ዳግምን የሚያህል ፕሮግራመር ውጭ ዘጠና ሺህ ብር ያገኛል፤ እኛ ጋ አርባ ሁለት። ልዩነቱን ደብዳቤው ላይ ያለው የድርጅቱ ድርሻ፣ አራት ሺህ አክሲዮን፣ ይሞላዋል ተብሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባንክ ለሥራ ሲጠራው «ድርሻዬን ጥዬ?» ብሎ የቀረው ለዚህ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ደብዳቤውን ላሚኔት አስደርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። የካዛንቺስ ቤታቸው ሲፈርስ ቆርቆሮው ሳይወርድ እሱን አወረዱት። አሁን ከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ልጃቸው ድርሻውን ሸጦ የቤት ቅድሚያ ክፍያ እስኪከፍል ይጠብቃሉ። አከራያቸውም በዚህ ወር ልቀቁልኝ ብሏቸዋል።

የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ ከፋይል አወጣሁ። ከአማርኛው ጎን አድርጌ አነበብኩት።

«ዳግም፣ አራት ሺህ አክሲዮን አልተሰጠህም። የተሰጠህ እያንዳንዱን በመቶ ሃምሳ ብር የመግዛት መብት ነው።»

«በቃ፣ ተበድሬም ቢሆን እገዛቸዋለኋ!»

«ባለፈው ወር ድርጅቱ ውስጥ የገባው አዲሱ ባለሀብት አንዱን አክሲዮን በስልሳ ብር ነው የገዛው።»

ስልኩን አውጥቶ አሰላው። በመቶ ሃምሳ ገዝቶ በስልሳ መሸጥ፣ እሱም ገዢ ከተገኘ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ታዲያ ይሄ ድርሻ የሚለው?»

«መጀመሪያ ‹የመግዛት አማራጭ› ብዬ ጽፌው ነበር። ሳነበው አላማረኝም። እናትም የሚገባት ቃል ይሁን ብዬ ድርሻ አልኩት።»

አፈርኩ። ያኔ እኮ ቃሏን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። ቢጮህብኝ በወደድኩ፣ እሱ ግን ጣቱን ቃሏ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

«ባንኩን ብትጠይቀውስ?» አልኩት።

«ለደሞዙ ብዬ ትናንት ደውዬ ነበር። ሌላ ሰው ቀጥረዋል።»

ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብለው ስለሚያወሩ ለእኔም ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ድርሻህ ደረሰህ ወይ?»

ዳግም ቀና ብሎ አየኝ።

«ደረሰኝ እማዬ» አላቸው። «የድርሻዬን አግኝቻለሁ።»

እልልታቸው ከስልኩ ወጥቶ ቢሮውን ሞላው። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ።