አቶ ሽመክት አረንጓዴ ይወዳሉ

አቶ ሽመክት ሰሊጥ ማልማት ከጀመሩ ሃያ ዓመታቸው ነው ይባላል። ሃያውንም ዓመት ያለሙት ጎንደር፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ነው። እርሻቸው በመተማ ቆላ ሽንፋ፣ ቢሯቸው እዚያው ገንዳ ውሃ፣ ልባቸው ደግሞ መድረክ ላይ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ በመስከረም መጨረሻ የደረሰ ማሳ ፎቶ አይተው «ይሄ ነገር ምነው ገረጣ?» ብለው አይጠይቁኝም ነበር።

የትናየት እባላለሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ የእርሻቸው ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ የቴሌግራም ቻናላቸው ጠባቂ፣ ሲያስፈልግም የፕሪንተር ሐኪም ሆኛለሁ። ፎቶውን ያነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። እሳቸው ለፎቶው ብቻ ከጎንደር ወርደው፣ ቢጫ ሸሚዝ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ሰሊጡ የታች ቅጠሉን አራግፎ፣ ግንዱ ቢጫ ሆኖ «እጨዱኝ» ይላል።

«አልገረጣም ጋሼ፣ ደርሶ ነው» አልኋቸው።

«ጎንደር ለሽልማት የሚመርጠን ኮሚቴ ይሄን ቢያይ ድርቅ መታው ነው የሚለው። ልማት ማለት አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ አርጊልኝ!»

ቆላ ላልኖረ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። ቢጫ ከሆነ በኋላ ቢጠብቅ አንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት አፉን ይከፍትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። አጫጆቹ የሚመጡት ደግሞ ከጎጃምና ከወሎ ነው። የመንገዱ ስጋት የሚታወቅ ነው፤ በወሬ ብቻ መኪና ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ካቦ የምንላቸው የአጫጆቹ አለቆች ካሉበት ሆነው የኛን ቻናል ይከፍታሉ። ፎቶው ቢጫ ከሆነ ሰዋቸውን ጭነው ይመጣሉ፤ አረንጓዴ ከሆነ ይቆያሉ፣ ወይም ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ከተለመደ አራት ዓመቱ ነው።

የእናቴ የወይዘሮ ሰርኬ ሁለት ሄክታር ከአቶ ሽመክት ማሳ ጥግ ላይ ናት። ካቦ ቢያድግልኝ ከነሰዎቹ የትልቁን እርሻ ሲጨርስ የእሷን በአንድ ቀን ያነሳላታል። እናቴ ዓመቱን የምትኖረው በዚያች መሬት ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። እኔም የተማርሁት በዚያችው ነው።

«ካቦዎቹስ ጋሼ? አረንጓዴ ካዩ አይመጡም እኮ።»

«ስልክ የለሽም? ደውለሽ ንገሪያቸዋ! ኸላስ፣ አለቀ!»

ደወልሁ። እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ደወልሁ። የቴሌዋ ሴትዮ ቢያድግልኝን ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ነገረችኝ። ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

የቢሮው ኮምፒውተር አሮጌ ነው። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ልጫንብህ ስለው እዚያው ይሞታል። ከዩኒቨርሲቲ በፍላሽ ይዣት የመጣሁ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች አንዲት ትንሽ የግራፊክስ ላይብረሪ ግን አለችኝ። የምትኮራበት ነገር የላትም። ፎቶ ትከፍታለች፣ ነጥብ ታነባለች፣ ነጥብ ትቀባለች፣ መስመርና ክብ ትስላለች፣ ታስቀምጣለች፤ የቀረውን ራስሽ ጻፊው ትላለች። ለእሷ ፎቶ ማለት በረድፍ የተሰለፈ ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር አለው፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ፣ ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። ቢጫ የሚመጣው ቀዩና አረንጓዴው አብረው ሲበረቱ ነው። እንግዲህ ቢጫ ማሳ ለማለምለም ዝናብም ማዳበሪያም አያስፈልግም፤ ቀዩን መቀነስ ብቻ ነው። አንድ ሉፕ፣ ማለትም ራሱን የሚደጋግም ትእዛዝ፣ በቁመት፣ አንድ ሉፕ በወርድ፣ መሃሉ ላይ አንድ «ቢጫ ከሆነ»። የግብርና ባለሙያዎቻችን ይህን ቢያውቁ ፀሐይ ላይ ባልተንከራተቱ።

ጻፍሁት፣ አስኬድሁት። አቶ ሽመክት ሰማያዊ ሆኑ።

ፎቶው ሲከፈት ቁጥሮቹ ከሰማያዊ ጀምረው ነው የሚመጡት፤ እኔ ሳስቀምጥ ከቀይ አስጀምሬያቸዋለሁ። ብቻዬን እየሳቅሁ አስተካከልሁት። በሁለተኛው ሙከራ ሰሊጡ ለመለመ፤ ሸሚዛቸውም አብሮ ለመለመ፣ ጥርሳቸውም ትንሽ ትንሽ። ስለ ጥርሳቸው የመሰከረው ፕሮግራሙ ነው፣ እኔ የለሁበትም። በሦስተኛው ዙሪያቸውን አራት ማዕዘን ከልዬ «እዚህ ውስጥ ያለውን ነጥብ እንዳትነካ» ብዬ ጻፍሁ። አሁን ሰውየው ሰው፣ ሸሚዙ ቢጫ፣ ማሳው የሐምሌ ሆነ።

ሰማዩ ግን ባዶ ነበር። እንዲህ ለለመለመ ማሳ ባዶ ሰማይ አይመጥነውም ብዬ ደመና ልሠራለት ተነሳሁ። አላዘዙኝም፤ የራሴ ሐሳብ ነው። ነጭ ክብ በነጭ ክብ ላይ ደራረብሁ። የመጀመሪያው ደመና የእንቁላል ክምር መሰለ። ጠርዙን ከጎረቤት ነጥቦች ጋር እያቀላቀልሁ አደበዘዝሁት፣ ከሥሩ ትንሽ ግራጫ ጨመርሁበት፣ ከበደ፣ ዝናብ ያዘለ መሰለ። እንዴት ያለ ደመና! ረቡዕን ሙሉ ደመና ስሠራ ዋልሁ። ቢያድግልኝ ዘንድ አልደወልሁም። ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁትም። «ይቺን ደመና ልጨርስና» እያልሁ ነበር።

ሐሙስ በቻናሉ ለጠፍሁት። አቶ ሽመክት ፎቶውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ነው እንጂ የኔ መሬት!» አሉ፤ የሳቸው መሬት እንዲያ ሆኖ እንደማያውቅ ከእኔ በቀር የሚነግራቸው አልነበረም፣ እኔም አልነገርኋቸውም። አድናቆቱ ዘነበ። አንዱ «ገነት» አለው፤ ሌላው መተማ ስዊዘርላንድ ሆነች ብሎ ጻፈ። ሦስት ሜትር ባነር ታትሞ ወደ ጎንደር ተጫነ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ስንት ሰው እንደወደደው በየሰዓቱ እየከፈትሁ አይ ነበር። ቅዳሜ እናቴ በጎረቤት ስልክ ደውላ «ቢያድግልኝ ምን አለ?» ስትለኝ «ይመጣል» አልኋት።

በሳምንቱ ማክሰኞ እናቴ ከሽንፋ በጭነት መኪና ተሳፍራ ቢሮ ድረስ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን አንድ የሰሊጥ ዘንግ ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ቅርፊቱ አፉን ከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው።

«ሰው የት አለ፣ ልጄ?»

ወዲያው ደወልሁ። በዚያ ቀን ቢያድግልኝ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«እኛማ ገለጉ ወርደናል፣ እታለም» አለኝ። «ፎቶውን አየነው፤ አረንጓዴ ነው። ደመናውም ከብዶ አየነው፤ ገና ዝናብ አለ፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል ተባባልን። እዚህ ላንድ ባለሀብት አስር ቀን ፈርመናል፣ ጥለን ብንወጣ ማን ይለቀናል?»

ደመናውም! ስልኩን ዘጋሁት። እናቴ ፊቴን አይታ ባዶውን ዘንግ መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሁለታችን ማጭድ ይዘን ገባን። ግንዱን ገና ስንጨብጠው ዘሩ ይረግፋል፤ ስናጭደው ይረግፋል፤ ነዶውን ስናቆመው የቀረው ይረግፋል። እናቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እያጎነበሰች መሬቱን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ አፈርና ሰሊጥ አንድ ላይ ታፍሳለች፣ መልሳ ትለቀዋለች። አስር ኩንታል ከምትሰጥ መሬት አንድ ጆንያ እንኳ አልሞላንም።

የአቶ ሽመክት ሦስት መቶ ሄክታርም አጫጅ አጥቶ ረገፈ። ግን ተሸለሙ። ኮሚቴው ማሳው ድረስ አልመጣም፣ ባነሩ በቃው። ዋንጫቸውን ታቅፈው ገንዳ ውሃ ሲመለሱ የሰሊጡ ነገር ትንሽ ከነከናቸው፤ ትንሽ ብቻ። መፍትሔም ይዘው ነው የመጡት።

«ለምርት መግለጫው ፎቶ ያስፈልጋል» አሉኝ። «አንድ የቆመ ነዶ አታጪም መቼም። እሱን አንሺና በዚያ በኮምፒውተርሽ አባዢው። አራት ሺህ ይበቃል።»

አንድን ነዶ አራት ሺህ ቦታ መቅዳት በሲ አስር መስመር አይፈጅም፤ ገና እየተናገሩ ሉፑ በጭንቅላቴ ተጽፎ አልቋል። በራሴ አፈርሁ። ካሜራውን አንስቼ ወጣሁ። ሽንፋ ሄጄ የእናቴን ማሳ እንዳለ፣ ከነባዶ ነዶው፣ አነሳሁትና በቻናላቸው ለጠፍሁት። ከሥሩም «የወይዘሮ ሰርኬ ማሳ፣ ዛሬ። አንድም ነጥብ አልተነካም» ብዬ ጻፍሁ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ፍርዱ መጣ። «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» አለ አንዱ። «ባለፈው በዓይናችን ያየነው ማሳ እንዲህ አይሆንም» አለ ሌላው፤ በዓይኑ ያየው እኔ የሠራሁትን ነው። ሥዕል አስተምራለሁ የሚል ሰው የነዶው ጥላ ወደየት መውደቅ እንደነበረበት በቀይ ቀስት እያመለከተ አስረዳ። ሰማዩ ላይ ደመና አለመኖሩን እንደ ማስረጃ ያቀረበም ነበር። አቶ ሽመክት መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ እኔን ከቻናሉ አጠፉ፤ ከሥራም መባረሬን በዚያው በቴሌግራም ሰማሁ።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ጓሮ ተቀምጠን ሰሊጡን ከአፈር እያበጠርን ሳለ ቢያድግልኝ ደወለ።

«እታለም፣ ያንንም ይሄንንም ፎቶ አየሁት። ሳይጠፋ ደርሼበታለሁ። እውነቱ የትኛው ነው?»

«የትናንቱ።»

«አረንጓዴውንስ ማን ሠራው?»

«እኔ።»

ከጀርባው የአጫጆች ጫጫታ ይሰማል። «እናትሽ አጠገብሽ አሉ?» አለኝ። ስልኩን አቀበልኋት። ድምፁ ጎላ ስለሚል እኔም እሰማዋለሁ።

«እማማ ሰርኬ፣ ዘንድሮስ ሆነ። ለከርሞ ሰሊጡ ሲደርስ እርስዎ ራስዎ ይደውሉልኝ። ደርሷል ይበሉኝ፣ በዚያው ለት ሰው ጭኜ እወርዳለሁ። ፎቶ አንፈልግም።»

«እሺ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለችው እናቴ።

ስልኩን መለሰችልኝና እጇን ከአፈሩ አራገፈች።

«ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊልኝ» አለችኝ። «በትልቁ አርጊው፤ ሌላ ሰው ያነብልኛል።»