ሦስት እጅ ቫርኒሽ

«እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ገባሁ፣ ጥቁር ሻርፔን እያስተካከልኩ።

«ምን ሆነን?» አለ አናጺው ጎረቤቴ፣ ብሩሹን እንደያዘ።

«የልጅህ ለቅሶ ግድግዳውን አልፎ መጣ እኮ! ሰው የሞተ መስሎኝ…»

«የምን ሟርት ነው? በደስታ ነው የምታለቅሰው!»

ልጅት ጥግ ቆማ ቫዮሊኗን አቅፋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ የሚኖሩት ከአባቷ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ነው። በወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ የሚስተካከላት የለም ይላሉ። ስለ ሙዚቃ ሬዲዮ ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር የማላውቀው እኔ እንኳ፣ እሷ ስትለማመድ እየሰማሁ ስንት ድስት አሳርሬያለሁ። እሁድ በዝግጅቱ ላይ ብቻዋን ተነስታ ልትጫወት ነበር።

አባት ታዲያ «ልጄ በዚህ በተጫጫረ እንጨት ሰው ፊት አትቀርብም» ብሎ፣ ትምህርት ቤት ውላ እስክትመጣ ፍቆ ፍቆ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀብቶላታል። መቼም እጁ ወርቅ ነው፤ ቫዮሊኑ መስታወት መስሏል።

«እስቲ አሰሚያት» አላት።

አንዴ ደጋኑን ሳበች። ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያቃስት ሰው ድምፅ ወጣ።

«ገና ስላልደረቀ ነው» አለ አባት።

«አዎ አባዬ። በጣም ያምራል» አለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። እኔን በር ድረስ ስትሸኘኝ ግን ክንዴን ጨመቀችው። «እትዬ፣ በሞቴ እንዳትነግሪው። ደርቆም ድምፁ አይመለስም።»

የኦርኬስትራው መሪ ሌላ ቫዮሊን ላውስሽ ብሏት ነበር አሉ። አሻፈረኝ አለች። አባቷ መድረክ ላይ በዓይኑ የሚፈልገው ያንን የሚያበራውን ነዋ!

እሁድ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። አናጺው በከረባት ታንቆ ላብ በላብ ሆኗል። ብቻውን የሚጫወተው ሲጠራ አንድ ሌላ ልጅ ተነሳ። ሊያጨበጭብ የተዘጋጀው የአናጺው እጅ ጉልበቱ ላይ ቀረ። የራሱን ልጅ ከኋላ ረድፍ አገኛት፤ ደጋኑን ክሩ ላይ ሳታሳርፍ ከሌሎቹ ጋር እኩል ታመላልሳለች። እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን ከእጇ አልነቀለም።

ስንወጣ እሷ ጓደኞቿን ልትሰናበት ወደኋላ ቀረች። እሱ ከረባቱን ፈቶ በእጁ ይጠቀልላል።

«ቢሆንም» አልኩት፣ «ከዚያ ሁሉ ቫዮሊን የሷን ያህል የሚያበራ አልነበረም።»

«ቁም ሳጥንም ያበራል» አለኝ።