በተቆለፈ ጌም ውስጥ ያለ መንገድ

እና ሌባዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው፣ ትላለች በሆዷ፣ ስክሪኑ ላይ ያንኑ ቀይ ጽሑፍ እያየች፣ ይህ ጌም የተፈቀደለትን የኮምፒውተር ብዛት ጨርሷል፣ የምን ብዛት፣ እዚህ ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ፣ ተጫዋቹም አንድ፣ እሱም አባቷ፣ ያውና መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ግራ እጁን ሹራቡ ኪስ ውስጥ ከቶ ግድግዳ ያያል። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፣ የሰረቀው ኮፒውን በፍላሽ ይዞ እየተንፈላሰሰ ይጫወታል፣ ከፍላ የገዛችው በር ላይ ቆማ ማነሽ ትባላለች።

ደግሞ ጥፋቱ የራሷ እጅ ነው። ቢሮ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ስትጠግን የምትውል ሴት፣ ዘገየ የተባለውን ሁሉ ፎርማት የምታደርግ፣ ባልደረቦቿ አመመኝ እንዳትሏት ፎርማት ታደርጋችኋለች የሚሉላት፣ የአባቷንም ኮምፒውተር ጌሙ ውስጥ ያለው መኪና አቀበት ላይ በተንቀራፈፈ ቁጥር ፎርማት፣ ጌሙን እንደገና መጫን፣ ደግሞ ፎርማት፣ በመጨረሻም ለልደቱ ደስ ይበለው ብላ የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ቀየረችለት፣ ጌሙ ለካ ይህን ሁሉ ሲቆጥር ኖሯል፣ ፎርማት ባደረገች ቁጥር አዲስ ቤት አዲስ ሰው እየመሰለው፣ አዲሱን ማዘርቦርድ ሲያይ በቃ አላውቃችሁም አለ። ደግ ሠራሁ ብላ። ድሮም ጉድ የሚሠራት ደግነቷ ነው።

ጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ገዷት። አባቷን ስትሮክ ከመታው ወዲህ የግራ እጁ ጣቶች እንደተጨበጡ ናቸው፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ ኮሪደር ጠርታ ነግራታለች፣ ይሄ እጅ አሁን ካልሠራ እንደጨበጠ ይደርቃል፣ ኳስ ጭመቅ ሲሉት ኳሱን ለሕፃን ስጡ፣ ጣትህን ዘርጋ ሲሉት ጆሮውም የታመመ ይመስላል፣ ያልናቀው ነገር ቢኖር ይህ የከባድ መኪና ጌም ነው፣ ጠረጴዛው ላይ በታሰረው መሪ፣ ቀኙ ማርሽ ሲቀይር ግራው የግድ መሪውን መያዝ አለበት፣ ይዞም ነበር፣ እያቃሰተ፣ እየተሳደበ፣ ይዞ ነበር። ጌሙም እኮ ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሳ፣ ዝናቡ መስተዋቱ ላይ ሲንሸራተት፣ ይህን የሠሩ ሰዎች እጃቸው ይባረክ፣ በሩ ላይ ያንን ዘበኛ ያቆሙትም እነሱ ናቸው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ታናሽ ወንድሟ ስልክ ላይ ስቆባታል። ምን ያስለቅስሻል፣ ክራኩን፣ ቁልፉ የተሰበረውን ኮፒ፣ አምጥቼ እጭንልሻለሁ፣ ሰው ሁሉ እኮ በሱ ነው የሚጫወተው፣ ፋራ አትሁኚ። ልቧ ሸፍቶ ነበር፣ ለእጅ ሲባል ክራክ ምንድን ነው፣ አባቷ ግን ሰምቶ ወይ ፍንክች፣ ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ሠሪ ሆኜ የሰው ቤት በጓሮ ገብቼ አላውቅም፣ አሁን በዚች በተጣመመች እጄ ልጀምር? ጌሙ የኛው ነው እኮ አባዬ። የኛ ከሆነ በፊት ለፊት ይከፈታል። አልተናደደም እንኳ፣ የመጀመሪያው ቀን ቀዩን ጽሑፍ ሁለቴ አስነበባትና ጎበዝ ሰው ነው የሠራው አለ፣ ጎበዝ፣ በሩ የማን እንደሆነ ረሳ እንጂ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ። በቅሎ። ግትር። ሊያሳብዳት ምንም ባይቀረውም ትኮራበታለች፣ ለሙያው እንዲህ ታማኝ የሆነ ሰው ሌላ አይታ አታውቅም፣ እሷ እንደሱ መሆን እንዳቃታትም ታውቃለች።

መጣ፣ ጌሙን ለሠራው ድርጅት ለጻፈችው አቤቱታ መልሱ መጣ። የድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ ስምም ፊትም የሌለው፣ ውድ ደንበኛችን እባክዎ የግዢ ማስረጃ ያቅርቡ፣ ማስረጃው ኢሜይል ውስጥ፣ ኢሜይሉ የድሮ መሥሪያ ቤቷ፣ መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፣ ይህንኑ ትጽፍለታለች፣ እንግዲያው የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ነገር ካለ ይግለጹልን።

ምን አለሽ፣ ይላል አባቷ ከግድግዳው ሳይዞር።

የኛ መሆኑን አስረዱ ነው የሚለው።

ታዲያ ውስጡ ያለውን ንገሪው፣ ይላታል።

ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባታል፣ የቁልፍ ሱቁ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፣ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ የመጣን ሰው መታወቂያ አምጣ አይልም ነበር፣ መታወቂያ ሌባም አለው፣ በሩ ፊት አቁሞ ውስጡን ንገረኝ ነበር የሚለው፣ ስትገባ በግራ ምን ተሰቅሏል፣ የትኛው ወንበር ይነቃነቃል፣ ሰምቶ ነው መሣሪያውን የሚያነሳው፣ አንዴ አንድ ባለ ሙሉ ልብስ ሰውዬ፣ ቤቴ ነው ያለ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠፍቶት ላቡን እየጠረገ ሄዷል። ግን ያ በር ነበር። ይሄ ድርጅት ነው፣ ማን ይሰማሃል አባዬ።

ጻፊ፣ ይላታል።

ትጽፋለች። ከመጋዘኑ ወጥተሽ በቀኝ፣ ይላል የጌሙን መንገድ በቃሉ፣ ድልድዩ ላይ ማርሽ መቀነስ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ቢጫ ነዳጅ ማደያ አለ፣ ውሻ ይተኛበታል፣ ጡሩንባ ብትነፊለት አይነሳም፣ ንቆሽ ነው። ያ ሰውዬ እዚያ ማዶ ምን ይል ይሆን፣ እብዶች ናቸው ይላል፣ ይበል፣ ትጽፋለች፣ ከማደያው በኋላ አቀበቱ፣ ሰነፏ እዚህ ጋ ታቃስታለች፣ ሰነፏ የሚላት መኪናዋን ነው፣ አትጨቅጭቂያት፣ በራሷ ጊዜ ትወጣዋለች፣ ጫፍ ስትደርሺ ሐይቁ ድንገት ይመጣል፣ እኔ ሁሌ እዚያ ጋ ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ ጭነቱ ቢዘገይም ይዘግይ። ይቆማል? ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ ሲቆም አላየችም፣ እጁን ስታይ ነዋ የምትውለው፣ ጣቱን ስትቆጣጠር፣ ሐይቁን የት አየችው።

ድምፁ ቀርቧል። ዞር ስትል ወንበሩን ጎትቶ ጠረጴዛው ጋ ደርሷል፣ ቀኙ ማርሹ ላይ፣ ግራው ከኪስ ወጥቶ መሪው ላይ፣ እንዴት እንደወጣ አላየችም፣ ስክሪኑ ላይ ያው ቀይ ጽሑፍ፣ መንገድ የለም፣ ሐይቅ የለም፣ እሱ ግን ቁልቁለቱን ጀምሯል፣ አሁን መታጠፊያው ነው ይላል፣ ጠባብ ነው፣ ጻፊ እንጂ፣ እዚህ መሪ አንቀሽ ከያዝሽ ገደል ነው፣ ለቀቅ ታደርጊና ታንሸራትቺዋለሽ፣ ለቀቅ፣ እንዲህ፣ እና ትንሿ ጣቱ ተዘረጋች፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቱ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ፣ መሪው መዳፉ ውስጥ ተንሸራቶ ዞረ፣ ጣቶቹ መልሰው ያዙት። አላወቀም። መንገዱን ነው የሚያየው። እሷ መተንፈስ ፈርታለች፣ ብትጮህ ይደነግጣል፣ ብታለቅስ ያቆማል።

ኮምፒውተሩ ቲንግ አለ፣ መልእክት፣ ጥያቄዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል፣ በትዕግሥት ይጠብቁ።

ምን አለ፣ ይላል፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ምንም፣ ገና እያነበበ ነው፣ ትለዋለች፣ ከመታጠፊያው ቀጥሎስ፣ አባዬ?