አሰጋሽ ለስልሳ ሦስት የገባችው ቃል

የስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ዕንቁጣጣሽ ሊብት አንድ ቀን ሲቀረው፣ አሰጋሽ ሦስት ልጆቿን በአንድ ሳፋ ውኃ ተራ በተራ አጥባ ስታበቃ በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለችና ለራሷ ቃል ገባች። ልጆቿን ላትራገም። እሑድ እሑድ ባሕር ዳር ልትወስዳቸው። ከሰባተኛ ክፍል በኋላ ያቋረጠችውን ትምህርት ደግሞ ቀጥላ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልትፈተን።

ከደሴ ተነሥታ አሰብ የወረደችው ሀብቴ የሚባል የጉምሩክ ጸሐፊ አግብታ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ሆናት። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ ማንጠግቦሽን ወለደች፣ ስለሺን አስከተለች፣ ገና ሦስት ወሯ የሆነችውን ዓለምዘውድንም ታቅፋለች። ባሕሩ ከቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ሆኖ ሳለ እግሯን የነከረችበት ቀን በጣት ይቆጠራል።

ቃሏን የነገረቻቸው ለጎረቤቷ ለእትዬ ውባንቺ ብቻ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ሚስት ናቸው፤ ልጆቻቸውን አሳድገው ጨርሰዋል።

«ሦስቱንም በአንድ ዓመት?» አሉና ሳቁ። «አይ አሰጉ! ሕፃናት ያሏት ሴት ከምሳ እስከ ራት ያለውን ካቀደች ይበቃታል።»

«አያሹፉብኝ እትዬ። ዘንድሮስ ቆርጫለሁ።»

«ቁረጪ፤ ማን ከለከለሽ።»

የመጀመሪያው ቃል የፈረሰው በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ ገና ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው። አሰብ ላይ አደይ አበባ ስለማይበቅል ማንጠግቦሽ ከቢጫ ወረቀት አበባ ሠርታ፣ አዲሱን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ልትዘፍን ስትወጣ፣ የአራት ዓመቱ ስለሺ ከሰል ሲያገላብጥበት የቆየውን እጁን ከኋላዋ መጥቶ ጥርግ አደረገባት። አሰጋሽ አየችና ሳታስበው፣ «ቆርጦ ይጣልህ!» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አዲሱ ዓመት ግን አንድ ጊዜ ሰምቷል።

ሁለተኛው ቃል ሁለት እሑድ ቆየ። በሦስተኛው ሀብቴ እንግዳ ይዞ መጣ፤ በአራተኛው ዓለምዘውድን አተኮሳት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር የሚያነሣ ጠፋ።

ስለዚህ ሦስተኛውን ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። በጥቅምት የማታ ትምህርት ሲከፈት ለሀብቴ ነገረችው። ሀብቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ አይመታም፣ አይሰክርም፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ መኖሩን ግን ልብ ብሎ አያውቅም።

«ልጆቹስ?» አላት።

«እትዬ ውባንቺ ይይዙልኛል።»

«እንግዲህ እንዳልሽ» አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ክፍሉ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ተኩል ነበር። የወደብ ሠራተኞች፣ ሁለት ፖሊሶችና የአንድ ሱቅ ልጅ የሚማሩበት ነው፤ ሴት እሷ ብቻ ናት። መምህር ውድነህ ከጎንደር ተመድበው የመጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሙቀቱ ወረቀቱን ከክንድ ጋር እያጣበቀ ቢያስቸግርም፣ አሰጋሽ ያቺን ሁለት ሰዓት ወደደቻት። በዚያች ሰዓት «እማዬ» የሚላት የለም።

ችግሩ ቀሪው ሃያ ሁለት ሰዓት ነው። በአንድ እጇ ወጥ እያማሰለች በሌላው ደብተር ትይዛለች። ዓለምዘውድን እያጠባች የአፍሪካን ወንዞች ትሸመድዳለች። ኒጀር ላይ ስትደርስ ስለሺ የውኃውን ባልዲ ይደፋል፤ ኮንጎ ላይ ስትደርስ ማንጠግቦሽ ታለቅሳለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነውና እርግማኑ እንደመቀነስ ባሰበት። ደህና በነበረችበት ዘመን በቀን አንዴ ያመልጣት የነበረው አሁን ከአፏ አይለይም። «እሳት ይብላህ!»፣ «ድፍት ያድርግሽ!»፣ ሲብስ ደግሞ እናቷ እሷን ይሏት የነበረውን።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት፣ አሰጋሽ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ የማንጠግቦሽን ድምፅ ሰማች። ልጅቱ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣ የጨርቅ አሻንጉሊቷን በሁለት እጇ ይዛ ትነቀንቃለች።

«አርፈሽ አትቀመጪም? እያጠናሁ መሆኑን አታይም? ምነው መካን ባደረገኝ! ምን በበላሁ ወለድኩሽ!»

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የቃሉን ትርጉም አታውቀውም። ቁጣውን ግን ከነቅንድቡ፣ ከነትንፋሹ አሳምራ ይዛዋለች። ከዚያ አሻንጉሊቷን መሬት ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችባት፤ አሰጋሽ ማንጠግቦሽን ስትቀጣ እንደምታዞራት።

አሰጋሽ እርጥቡን ልብስ እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ቤት ገብታ ደብተሮቿን ሰበሰበችና ከአልጋው ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ ከተተቻቸው። በዚያ ምሽት ወደ ትምህርት ቤት አልሄደችም። በማግስቱም አልሄደች።

«ምነው ቀረሽ?» አሏት እትዬ ውባንቺ።

«ልጆቼን እየጎዳሁ የምማረው ምን ሊረባኝ ነው?»

እትዬ ውባንቺ ያን ጊዜ አልሳቁም። «እንጃ ልጄ» ብለው ብቻ ሄዱ። ሀብቴ ራት በሰዓቱ መቅረቡ ደስ ያለው ይመስላል፤ እሷንም ያናደዳት ይኸው ነበር። እርግማኑስ ቀረ? ቀነሰ እንጂ አልቀረም። በዚህ ፋንታ ዝምታ መጣባት፤ ልጆቹ ሲጠሯት ሦስቴ ካልጠሯት አትሰማም።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ የአንድ የሠፈራቸው ሰው ልጅ ሞቶ አሰጋሽ ለቅሶ መድረስ ነበረባት። እትዬ ውባንቺም ለቅሶ ቤት ናቸው። ሀብቴ ሥራ የለውም።

«ዓለምዘውድ ከነቃች አጥሚቱን በማንኪያ ስጣት። ስለሺን ከምድጃው ጠብቅልኝ። ቶሎ እመጣለሁ» ብላው ወጣች።

ቶሎ አልመጣችም፤ የልጅ ለቅሶ ጥሎ የሚኬድ አይደለም። ከአራት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ጩኸቱ ከመንገድ ጀምሮ ተቀበላት። በሩን ብትከፍት ወለሉ ላይ አጥሚት ፈስሷል፤ ስለሺ ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ ማንጠግቦሽ ጥግ ይዛ ትነፋረቃለች፤ ዓለምዘውድ በአባቷ ክንድ ላይ ተገልብጣ ታለቅሳለች። ያ ሸሚዙ የማይጨማደደው ሀብቴ ደረቱ ድረስ ርሶ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ፣ «ውረድ አልኩህ! ምነው የወለድኩህ ቀን ገደል በገባሁ!» ይላል።

ከዚያ አያት። ድምፁ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

አሰጋሽ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሕፃኗን ተቀበለችውና ቁጭ ብላ ጡት ሰጠቻት። ሀብቴም ወለሉ ላይ፣ አጥሚቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«አባቴ እንደዚያ ይለኝ ነበር» አለ። «እኔ አልለውም ብዬ ነበር።»

«እኔም ብዬ ነበር» አለችው።

ያን ጊዜ ነገረችው፤ የዕንቁጣጣሹን ቃልም፣ የአሻንጉሊቷንም ነገር፣ ደብተሮቹ የት እንዳሉም። ሀብቴ እያዳመጠ በጨርቅ ወለሉን ይወለውል ነበር፤ ሲወለውል ያየችው ያን ዕለት ነው፤ አጥሚቱን የባሰ አዳረሰው እንጂ አላነሣውም።

«እኔ አራት ሰዓት አልቻልኩም» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ይኸን ያህል ዓመት እንዴት ቻልሽው?»

«መቼ ቻልኩት!» አለችና ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ወዲያው ወደ እንባ ዞረ።

ሰኞ ዕለት ሀብቴ በአሥራ አንድ ሰዓት ከቢሮ እንደወጣ በቀጥታ ቤት መጣ። ጫማውን ለወጠ፤ ሁለቱን በእጁ፣ ሦስተኛዋን በክንዱ ይዞ ወደ ባሕሩ ወረደ። በሳምንቱ ወደብ ውስጥ «ሞግዚቱ» የሚል ስም ወጣለት። ተናደደ፤ ሆኖም መውረዱን አልተወም። እሱ ሥራ ሲያመሽ እትዬ ውባንቺ ይተኩታል።

መምህር ውድነህ አሰጋሽን ከበሩ ላይ ሲያዩዋት መዝገባቸውን ገለጡ።

«ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ስምዎን ሰርዤው ነበር እኮ።»

«ይመልሱልኛ፣ ጋሼ።»

«አምስት ሳምንት አልፎዎታል። ሂሳቡ ከባድ ነው።»

«ከልጆቼ አይከብድም» አለች። ፖሊሶቹ ሳቁ፤ መምህሩ ግን ሳይስቁ ስሟን ከታች እንደገና ጻፉት።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሆነ። አሸዋ የሚያዝል ትኩስ ነፋስ የሚነፍስበት ወር ነው። ዓለምዘውድ ጡት ስላልተወች ሀብቴ ፈቃድ ወስዶ፣ ሕፃኗን ታቅፎ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀመጠ። አሰጋሽ በሂሳቡ አጋማሽ ላይ የልጇን ለቅሶ ሰማች። ከስንት ልጅ መሐል ለይታ የምታውቀው ድምፅ ነው። ጡቷ አግቶ ቀሚሷን አራሰው። እርሳሷን አስቀመጠች፤ ከወንበሩም ግማሽ ተነሣች። ፈታኙ ቀና ብሎ አያት። ከወጣች መመለስ እንደሌለ ታውቃለች።

አባቷ ይዟታል፣ አለች በልቧ። ተመልሳ ተቀመጠችና ነጠላዋን በደረቷ ላይ አጣፍታ ጻፈች። ለቅሶው ጥቂት ቆይቶ አቆመ። ስትወጣ ሀብቴ ከሻይ ቤት የለመነውን በረዶ በጣቱ እያቀለጠ የልጅቷን ከንፈር ሲያርስ አገኘችው።

ውጤቱ በነሐሴ መጣ። አልፋለች፤ በሂሳብ ግን ለጥቂት ነው የተረፈችው። ማታ ጓሮ ስለሺን ስታጥብ ማንጠግቦሽ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ፊቷ ኮስተር ብሏል።

«እማዬ፣ አባዬ አለፈች አለ። አልፈሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ዘጠነኛ።»

«ሩቅ ነው?»

«እዚሁ ነው ልጄ፤ ያው ትምህርት ቤቱ ነው።»

ልጅቷ ሳሙናውን አንሥታ የወንድሟን ጀርባ ታሽ ጀመር።

«ቀስ በይ፣ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባበት» አለቻት አሰጋሽ።