ሳይሰደብ የዋለ ከንቲባ

በጀርመን ባቫሪያ፣ ኦበርሃስልባህ በምትባል መንደር፣ በጾሙ ወራት ጠንካራው ቢራ በሚከፈትበት እሑድ፣ ዘፋኙ ያልሰደበው ሹም እንደ ሹም አይቆጠርም። የተሰደበው ደግሞ ከሁሉ በላይ መሳቅ አለበት፤ ሳቀ ማለት የተባለውን አመነ ማለት ነው። ኮርቢኒያን ሃያ ዓመት ሙሉ አኮርዲዮኑን ታቅፎ፣ በመንደሩ አነጋገር፣ አራት አራት ስንኝ እየቋጠረ ሹማምንቱን ሲሸነቁጥ ኖሯል። ትርፉ እነሱን ማስወደድ ብቻ ሆነ። ከንቲባው ሆልዛፕፌል ስስቱ በተዘፈነ ቁጥር «ቀልድ የሚችል ሰው» እየተባለ ዳግመኛ ይመረጣል። ዘንድሮ ደግሞ በቢራ ቤቱ ግቢ ላይ የሚያጠሉትን የካስታኒያ ዛፎች ገንድሶ ግቢውን መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ወስኗል።

ኮርቢኒያን መዝፈን የተማረው ከነዚያ ዛፎች ሥር ነው። ስለዚህ መላ ዘየደ። እሑዱ ደርሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ቄሱን ሰደበ፤ የእሳት አደጋውን አለቃ ሰደበ፤ የዳቦ ጋጋሪው ውሻ እንኳ አልቀረለትም። ከንቲባውን ግን ዘለለው። ሆልዛፕፌል ከፊተኛው ጠረጴዛ፣ በሚስቱ ወንድሞች መካከል፣ አስቀድሞ ያሰናዳው ሳቅ ከንፈሩ ላይ እየሻገተ ተቁለጨለጨ።

በእረፍት ሰዓት ከንቲባው ዘፋኙን ጓዳ ድረስ ተከትሎት ገባ።

«ኮርቢ፣ ምን በደልኩህ? ውሻውን እንኳ አንስተህ እኔን ትዘለኛለህ?»

«ውሻው ይናከሳል። አንተ ምን አለህ?»

«ቦርጬ አለ፣ ስስቴ አለ፣ መኪና ማቆሚያው አለ። አማቾቼ ከሽትራውቢንግ ድረስ የመጡት ይሄን ሊሰሙ ነው፤ አታዋርደኝ እንጂ።»

ኮርቢኒያን ዛፎቹ ካልተነኩ እንደሚያስብበት ነገረው። ከንቲባው ለአፍታም አላመነታም።

«ይቁሙ በቃ። ብቻ ከውሻው አስበልጠህ ስደበኝ።»

ኮርቢኒያን ወደ መድረኩ ተመልሶ አኮርዲዮኑን ዘረጋ፦

ከንቲባችን ዛሬ ጓዳ ድረስ መጣ፣
ስድብ ርቦት እንጂ ቢራ መች አጣ፤
ዛፎቹን ማረና በአንድ ስንኝ ተሸጠ፣
እንዳልረሳው ብሎ እየተቁነጠነጠ።

አዳራሹ ተናወጠ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ሆልዛፕፌል ነበር፤ መንደሩ ሲስቅ አይቶታልና ከእንግዲህ ቃሉን ማጠፍ አይችልም። ዛፎቹ ተረፉ። ኮርቢኒያን ግን በዕድሜው ከቋጠረው ሁሉ የመረረውን ስንኝ ወርውሮ፣ የተወረወረበት ሰው እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ሲለጥፈው ቆሞ ያያል።

ከንቲባው እንባውን እየጠረገ ወደ መድረኩ ተጠጋ። ታላቁ አማቹ ስንኙን በወጉ እንዳልሰማው ለኮርቢኒያን ነገረውና አንዴ እንዲደግመው ለመነው።

ኮርቢኒያን ደገመው።