ማሽላው ላይ የተሰቀሉት ሲዲዎች

ገላኔ ኮምፒዩተሩ ላይ የነበረውን ሁሉ ደምስሳ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስን እንደ አዲስ ከጫነች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የባምባሲ ልጅ ናት፤ አሶሳ ውስጥ የክልሉን ቋንቋዎች በሚያጠና አንድ ቢሮ ትሠራለች። ክልሉ ከተቋቋመ አሥር ዓመት ያህል ቢሆነውም ቢሮው ገና ጨቅላ ነበርና ያለው ኮምፒዩተር ያ አንዱ ብቻ ነው። ጋሽ ኻሚስ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመንደር መንደር እየዞሩ የለቀሟቸው የቤርታ ቋንቋ ቃላትም ያሉት እዚያው ውስጥ ነው። ዓርብ ታትመው ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው መኪና መላክ አለባቸው።

ቃላቱን አስቀድማ ስለገለበጠቻቸው አልጠፉም። ያስቸገራት የመዝገበ ቃላቱ ፕሮግራም ነው፤ ያለ አሮጌው የፊደል ፋይል አልነሳም አለ። የማተሚያው ፕሮግራም ደግሞ ከአዲሱ ፋይል በቀር አይቀበልም። ማሽኑም “ሁለቱን አንድ ላይ አልጭንም” ይላታል።

ጋሽ ኻሚስ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። የዚያን ቀን ፊቷን አይተው ጠየቋት።

“ልጄ፣ ለምን ፊትህ ጠቆረ?”

አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ነውና ሴቱም ወንዱም ለእሳቸው “አንተ” ወይም “እሱ” ነው። ገላኔ ይህን ስለምትወደው አንድ ቀን እንኳ አርማቸው አታውቅም።

“መላው ገብቶኛል ጋሼ” አለች። “አሮጌውን ፋይል ለብቻው አስቀምጬ ለመዝገበ ቃላቱ ብቻ መስጠት ነው። ግን ፋይሉ ያለው በድሮዎቹ ሲዲዎች ላይ ነው። አምና አያስፈልጉም ብዬ ለእርስዎ የሰጠሁዎት እኔው ነኝ።”

ጋሽ ኻሚስ ጥቂት አሰቡ። “ወላሂ፣ ማሽላ ላይ ናቸው” አሉ።

ተያይዘው ከከተማው ዳር ወዳለው ማሳቸው ሄዱ። ጥቅምት ነው፤ ማሽላው አሽቷል። አምስት ሲዲዎች በገመድ ተንጠልጥለው በፀሐይ ያብረቀርቃሉ፤ ወፍ ማስፈራሪያ ሆነዋል። የጋሽ ኻሚስ ባለቤት ማሪያም ሲዲዎቹ ሲወርዱ አይተው በቤርታ አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሽ ኻሚስ ሳቁ።

“ምን አሉ?” አለች ገላኔ።

“ሲዲው ከሄደ ወፉን አንተ ጠብቅ ይላል።”

ቢሮ ተመልሳ ሲዲዎቹን በሳሙና አጠበች፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻቸው። ሦስቱ ከነጭራሹ አልነበብም አሉ። አራተኛው እያንገራገረ ተነበበ። ፋይሉን አውጥታ በተለየ ፎልደር አስቀመጠች፤ የመዝገበ ቃላቱ ፕሮግራም ሲነሳ ከዚያ ብቻ እንዲያነብ አጭር ትእዛዝ ጻፈች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። የማተሚያውን ሞከረች፤ እሱም ሠራ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሲወጡ ጋሽ ኻሚስ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

“ይሄ ስህተት ነው።”

ገላኔ ክው አለች። “ፊደሉ ነው?”

“ፊደሉ ጥሩ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ይሄን ቃል ‘ጎረቤት’ ብዬ ጻፍኩ። ማሪያም ግን አብሮ የሚያርስ ሰው ነው ይላል፤ ጎረቤት ባይሆንም። ትናንት ነው የነገረኝ።”

“ታዲያ ለምን ትናንት አልነገሩኝም?”

“ያዘንክ መሰለኝ። ሥራ አልጨምርብህ ብዬ።”

ገላኔ ቃሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ወንበራቸውን ወደ ራሷ ሳበችና “በሉ ይንገሩኝ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው?” አለቻቸው።